ጳጉሜን 3 ፍላሻችሁን ይዛችሁ ውጡ

ልጅቷ ላፕቶፑን እንደ አራስ አቅፋ ነው የገባችው። እህቷ ከዱባይ የላከችላት ነው፤ ክዳኑ ላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። በሌላ እጇ ትንሽ የካርቶን ሳጥን ይዛለች። ውስጡ የአንቲቫይረስ ሲዲና ቁጥር የተጻፈባት አንዲት ካርድ አለች። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ግራ ጎኑን አየች፣ ቀኝ ጎኑን አየች፣ ገልብጣ ሆዱን አየች። በመጨረሻ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ሲዲው በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለችው።

«የለውም እኮ። የዘንድሮ ላፕቶፕ ሲዲ አይበላም» አላት እየሳቀ።

ደሴ ነው። ከጦሳ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ እኔ ጥግ ይዤ የተበላሸ ፕሪንተር ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ኮምፒዩተር መጠገን እንጀራዬ ነው።

ባለቤቱ ደግ ሰው ነው። «ቆይ፣ እኔ በፍላሽ ላድርግልሽ» ብሎ ሲዲውን የራሱ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ከተተ፤ ያለውን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገለበጠ፤ ፍላሹን አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካ። ወዲያው በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። አደገኛ ነገር ተገኝቷል ይላል። ባለቤቱ «ይሄ ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣው ነው፤ ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫንበት ይቀናል» አለና አጠፋው። ፍላሹን ሲከፍተው የሲዲው ፋይሎች የሉም። ጥጓ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት፣ የፍላሹን ስም የያዘች አንዲት ምልክት ብቻ አለች። ሁለቴ ጫን ጫን አደረጋት። ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ፋይሎቹ ተደርድረው መጡ። መጫን ጀመረ፣ ግማሽ ደረሰ፣ ቆመ። «ኔትወርክ ስለሌለ ይሆናል» ተባለ። ልጅቷ አመስግና ወጣች። አምስት ሳንቲም አልተቀበላትም።

መናገር ነበረብኝ። የሰው ቤት ነው፣ ሰውየውንም በደንበኛው ፊት አላሳፍርም ብዬ ፕሪንተሬ ላይ አቀረቀርኩ። በአራተኛው ቀን የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ፍላሽ ይዛ እኔው ዘንድ መጣች። ምዕራፍ አንድ ሾርትከት ሆኗል፣ ምዕራፍ ሁለት ሾርትከት፣ ምዕራፍ ሦስት ሾርትከት። መድኃኒት ልትቀበል ሄዳ በሽታውን ተቀብላ ተመልሳለች።

ወገኖቼ፣ ይህን ጥሪ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ዝምታዬ ነው። በዚያች ልጅ የደረሰው በየፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ዘወትር ይደርሳል። እያንዳንዳችን ለየብቻ ስናጸዳ ዓመታት አለፉ፤ አልጸዳም። ለየብቻ ሲጸዳ የማይጸዳ ነገር ስለሆነ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ከተማ፣ ሁላችንም አብረን መነሣት አለብን። ቀኑን ጳጉሜን 3 እናድርገው እላለሁ፤ ለምን እንደመረጥኩት በኋላ እመጣበታለሁ።

አስቀድሜ ግን ያ የሲዲ ማስገቢያ ሲጠፋ ምን አብሮት እንደጠፋ ላስታውሳችሁ። ከፋብሪካ ተጽፎ የወጣ ሲዲ ድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ጽሑፍ ነው፤ ይነበባል እንጂ አይጨመርበትም። ቫይረስ የወረሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መቶ ጊዜ ብታስገቡት መቶ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። 700 ሜጋባይት ብቻ የምትይዝ፣ ሲጭሯት የምትበላሽ፣ ዛሬ የባጃጅ መስታወት ላይ ተንጠልጥላ የምናያት ነገር ይህ አንድ ክብር ነበራት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ማክቡክ ኤርን ያለ ማስገቢያ ሲያወጣ እንግዳ ነገር ነበር፤ ዛሬ ገበያ ወጥቶ ማስገቢያ ያለው አዲስ ላፕቶፕ መፈለግ ነው እንግዳ ነገር። በሲዲ ቦታ የገባው ፍላሽ ደግሞ በሩ በሁለት በኩል ክፍት ነው። የሚሰጠውን ያህል ይቀበላል። የተሰካበት ማሽን ሁሉ ሊጽፍበት ይችላል፤ ማሽኑ ታሞ ከሆነ የሚጽፍበት በሽታውን ነው።

ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ዕቃ በሽታ ሲያመላልስ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ከላሆር ከተማ የወጣው «ብሬይን» የተባለው ቫይረስ ዓለምን የዞረው በፍሎፒ ዲስክ ነበር። የሠሩት ሁለት ፓኪስታናውያን ወንድማማቾች አድራሻቸውንና ስልካቸውን ሳይቀር ጽፈውበት ነበር፤ የዛሬዎቹ እንዲህ ያለ ይሉኝታ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጋለጠው ስተክስኔት በኢራን ናታንዝ ከኢንተርኔት ተነጥለው የተቀመጡ ማሽኖችን ነው ያጠቃው፤ ከመጓጓዣዎቹም አንዱ ፍላሽ ነበር። «የኔ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ላይ የለም፤ ምን ይነካዋል?» የምትሉ ሰዎች ይህችን ያዙልኝ።

ድሮ ፍላሽ ገና ሲሰካ ራሱን ያስነሣ ነበር። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ያንን ለፍላሽ ዘጋው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ደግሞ በኤክስፒና በቪስታ ላይ የሚዘጋውን ማሻሻያ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱ ቢያንስ በዚያ በር ሰተት ብሎ መግባት አልቻለም። ስለዚህ ዘዴ ቀየረ፦ እውነተኛ ፋይላችንን ደብቆ፣ እሱን የሚመስል ሾርትከት ቦታው ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። በሩን የሚከፍትለት ጣታችን ነው።

የአንድ ፍላሽ ውሎ ልንገራችሁ። ጠዋት መምህሩ ኪስ ውስጥ አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፕሮጀክተሩን በሚያሠራው የክፍሉ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። አራት ሰዓት ላይ የተማሪዎቹ ተወካይ «ቲቸር፣ ስላይዷን» ብሎ ወስዶ የራሱ ላፕቶፕ ላይ ይሰካዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ሃንድአውቱ እንዲባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ኮምፒዩተር ላይ የውጤት ቅጽ ይጫንበታል። ማታ መምህሩ ቤት ይመለሳል፤ ልጁ ጌም ሊገለብጥበት ይጠብቀዋል። አምስት ማሽን፣ አንድ ቀን፣ አንድ ፍላሽ። ከአምስቱ አንዱ ከታመመ የአራቱ ጤንነት የሰዓታት ጉዳይ ነው። አሁን መምህሩ ብልህ ሆኖ ቤቱ ያለውን ላፕቶፕ ዛሬ ማታ ቢያጸዳው ምን ይጠቅመዋል? ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፍላሹን መልሶ ይሰካል።

ቆላ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። የወባ ርጭት ሲመጣ ቀበሌው አንድ ቤት ረጭቶ አይሄድም፤ በር ለበር ይሄዳል፤ «እኛ ቤት ወባ የለም» ያለውንም ይረጭበታል። ገበሬም አረም ከጎረቤት ማሳ ነፋስ ይዞት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው ደቦ የሚጠራው። እኛ ግን ፍላሻችንን በደቦ እየተጠቀምን ለየብቻችን እናርማለን።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ከዚህ በሽታ እንጀራ በልቻለሁ። ደንበኛ ይመጣል፣ «ቫይረስ በላው» ይላል፣ «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» እላለሁ፣ ገንዘቤን እቀበላለሁ፣ በወሩ ተመልሶ ይመጣል። የሙያ ጓደኞቼ፣ እንተዋወቃለን። ለሰው ፎቶ፣ ለሰው ጽሑፍ፣ ለሰው የሠርግ ቪዲዮ ስንፍናችን ያዘዘው መድኃኒት ነው ፎርማት። ሾርትከት የሆነ ፍላሽ ላይ ያለው ሰነድ ብዙ ጊዜ አልጠፋም፤ ተደብቋል። ንጹሕ ማሽን ላይ ሰክታችሁ፣ በጸረ ቫይረስ አስፈትሻችሁ፣ ከዚያ «ቪው» ከሚለው ስር «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ብትከፍቱ እዚያው ተኝቶ ታገኙታላችሁ። አንዳንዱ ጠለቅ ብሎ የተደበቀ ስለሆነ የሲስተም ፋይሎችን የሚሸሽገውን ምርጫም ማንሣት ይጠይቃል። የዚያች ልጅ ሦስት ምዕራፎች በዚህ መንገድ ነው የተመለሱት፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ፎርማት አድርጌው ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት ሥራዋን በእጄ ቀብሬው ነበር።

እንግዲህ ማስገቢያ የሌለው ላፕቶፕ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። የገዛችሁት ሲዲውን አይደለም። የከፈላችሁበት ካርዷ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሲዲው ላይ ያለው ሶፍትዌር ሳጥኑ በታሸገበት ቀን የነበረው ነው፤ ቢገባም እንኳ መጀመሪያ የሚያደርገው ራሱን ከኢንተርኔት ማደስ ነው። ስለዚህ ሲዲውን ተዉት። ካርዷን ይዛችሁ ወደ ሠሪው ኩባንያ የራሱ ገጽ ሂዱ፤ ከዚያው አውርዱ፤ ሲጠይቃችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ቴሌግራም ላይ «ክራክ ተደርጎ» የሚታደለውን አትንኩት። መመሪያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ምን እንደሚል አይታችኋል? መጀመሪያ አንቲቫይረሳችሁን አጥፉ ይላል። ዘበኛህን አሰናብትና ዘበኛ ላምጣልህ የሚል ሰው ቢመጣባችሁ ምን ትሉታላችሁ?

ዘበኛው ደግሞ አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ዊንዶውስ የራሱን ጸረ ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ዲፌንደር ይባላል፤ ሳንቲም አይከፈልበትም። በዚያች ልጅ ላፕቶፕ ላይ የጮኸው እሱ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ያኔ ግን ውሻው ጅቡ በር ላይ ሳለ ነው የጮኸው፣ እኛ ነን አፉን የያዝነው። በሌላ ኩባንያ ጸረ ቫይረስ ላይ ገንዘብ ማውጣት የምትፈልጉ አውጡ፤ ግን ሁለት አትደርቡ፤ እርስ በርስ እየተጠረጣጠሩ ማሽኑን ያንቀራፍፉታል። ገንዘቡ የሌላችሁ ያለ ጥበቃ ቀርተናል አትበሉ። የጎደለው ሶፍትዌር አይደለም። የጎደለው ማደስና አለማጥፋት ነው።

«ማደሻ ዳታ ከየት ይምጣ?» ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ ፓኬጅ ውድ ነው። ለዚህ ነው አብረን የምንነሣው። የዲፌንደርን የቫይረስ ዝርዝር ማይክሮሶፍት ለብቻው፣ ከመስመር ውጭ እንዲጫን አድርጎ በነጻ ያስቀምጠዋል፤ አንድ ፋይል ነው። አንድ ሰው አንዴ ያወርደዋል፣ መቶ ማሽን ይጠጣበታል። «ሴፍቲ ስካነር» የሚባል መፈተሻም አለ፤ መጫን አያስፈልገውም፣ አንድ ፋይል ነው፣ ይከፈታል፣ ይፈትሻል። ከወረደ 10 ቀን ካለፈው ግን አይሠራም፤ አዲሱን አውርዱ ይላል። ስለዚህ ጳጉሜን 2 ማታ ይወርዳል፤ ጳጉሜን 3 ጠዋት ሥራ ይጀምራል።

ያ የወረደው ፋይል በምን ይጓዛል? ይህ ነው የነገሩ ቁልፍ፤ እዚህ ላይ ከተሳሳትን የዚያን ፎቶ ኮፒ ቤት ስህተት በከተማ ደረጃ እንደግመዋለን። በፍላሽ እያዞርን ቫይረስ ልናጠፋ ብንነሣ በሽታውን ቤት ለቤት አዳርሰን ነው የምንውለው። ሳሊቲን የመሰሉት ቫይረሶች የመጫኛ ፋይሎች ውስጥ ገብተው ይጣበቃሉ፤ ያገኙትን ጸረ ቫይረስም ያሰናክላሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ መድኃኒቱን የማይጻፍበት ነገር ላይ እንጫነው። እጁ ላይ ባዶ ሲዲና መጻፊያ ያለው ሰው ይጻፈውና ይዝጋው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ሲዲ ማስገቢያ ያለው ሰው ለዚያች ቀን ያውሰን፤ ለአንድ ሠፈር አንድ ይበቃል። ይህ ካልተገኘ ጎኑ ላይ ትንሽ መቆለፊያ ያለችው ኤስዲ ካርድ አለች፤ መቆለፊያዋን ወደ ታች ጎትቶ በአንባቢ መሰካት ነው። መቆለፊያዋን የማያከብር አንባቢ አለና አስቀድማችሁ አንድ ፋይል ልትጽፉባት ሞክሩ፤ እንቢ ካለች ታማኝ ናት። ሁለተኛ፣ ማኅተሙን እዩ። መጫኛው ፋይል ላይ በቀኝ ጫን አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ስትከፍቱ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚል ክፍል ታገኛላችሁ፤ የኩባንያው ስም እዚያ አለ፤ «ዲቴይልስ» ስትሉት ፊርማው ደህና ነው ወይም አይደለም ይላል። ቫይረስ ውስጡ የገባ ፋይል ፊርማው ይበላሻል። ማኅተሙ የተሰበረ ደብዳቤ አንቀበል።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ማሽኖች። እነሱ የከተማችን ምንጭ ናቸው፤ ምንጩ ሳይጸዳ እንስራ ማጠብ ከንቱ ነው። እያንዳንዱ ማሽን ዝርዝሩን አድሶ ሙሉ ፍተሻ ይደረግበት፤ ግትር የሆነው ዊንዶውሱ ከመነሣቱ በፊት በሚሠራው የዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» ይፈተሽ፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። ቀጥሎ የትምህርት ቤቶችና የቢሮዎች ማሽኖች። ፍላሾች መጨረሻ ላይ፣ ንጹሕነቱ በተረጋገጠ ማሽን ላይ ብቻ። ዘበኛው ነቅቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ደግሞ ኢካር የሚባል መሞከሪያ አለ፤ 68 ፊደልና ምልክት ያለው፣ ምንም የማይጎዳ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ አብዛኞቹ የዓለም ጸረ ቫይረሶች ለሙከራ ብለው እንደ ቫይረስ ይይዙታል። ጽፋችሁ ስታስቀምጡት ካልጮኸ ማሽኑ ዘበኛ የለውም ማለት ነው። ልጆች ይህችን በጣም ይወዷታል፤ ለእነሱ ተዉላቸው።

አሁን በስም ልጥራችሁ።

የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች፣ ከሁሉ በፊት እናንተ። ዴስክቶፓችሁን እዩት። የማያውቃችሁ ሰው ፓስፖርት ስካን አለ፤ የቀበሌ መታወቂያ አለ፤ የዲቪ ፎርም ያስሞላ ሰው ከነቤተሰቡ ፎቶ አለ፤ የሥራ ማመልከቻ፣ የፍቺ ውል፣ የሕክምና ወረቀት አለ። «ከኔ ምን ይሰረቃል?» ብሎ ነገር የለም። የእናንተ ባይሰረቅ የሰፈሩ ይሰረቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከወጣ ቆይቷል። ሕግ ቢኖርም ባይኖርም ግን ያ ሰው ወረቀቱን በእምነት ነው የሰጣችሁ። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን አጥፉት። ከጳጉሜን 3 በኋላ ደግሞ በራችሁ ላይ «እዚህ ቤት ፍላሽ ሳይፈተሽ አይከፈትም» ብላችሁ ለጥፉ። ደንበኛ ይሸሻል ብላችሁ አትፍሩ፤ ፍላሹ የተበላበት ሰው ያንን ጽሑፍ ፈልጎ ነው የሚመጣው።

የቢሮ ኃላፊዎች፣ ዊንዶውስ 7 ላይ የተቀመጡት ኮምፒዩተሮቻችሁ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ጠባቂ የላቸውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የዲፌንደሩ ዝርዝር እስከ እ.ኤ.አ. 2028 ይታደስላችኋል ተብሏል፤ ግን ዘበኛው ቢነቃም አጥሩ የተቀደደ ነው። ዋናክራይ የተባለውን ቫይረስ አስታውሱ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነሥቶ በ150 ገደማ አገሮች ማሽን ሲቆልፍ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሲሰርዙ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሊሆነው ነበር። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ እያለ ነው የታመሙት። ማሻሻያ ሲመጣ «በኋላ አስታውሰኝ» የምትለዋን ቁልፍ የሚጫን ጣት በቢሯችሁ ካለ ጳጉሜን 3 ይረፍ።

መምህራን፣ ከፍላሻችሁ ሌላ መጠባበቂያ ይኑራችሁ፤ የተማሪ ውጤት በአንድ ፍላሽ አይንጠልጠል። ተማሪዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፦ ላፕቶፑ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ ኢሜይላችሁ ውስጥ። ለራሳችሁ እየላካችሁ አስቀምጡት፤ ማንም አይስቅባችሁም።

ከዱባይ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከዋሽንግተን ላፕቶፕ ለምትልኩልን እናንተም ድርሻ አላችሁ። ዕቃውን በሻንጣ ከመክተታችሁ በፊት አንድ ማታ ክፈቱት። እናንተ ጋ ያለው ኢንተርኔት ፈጣን ነው፤ ዊንዶውሱ «የቀረ ማሻሻያ የለም» እስኪል አሳድሱት፤ ጸረ ቫይረስ ከገዛችሁም እዚያው ጫኑት። ሳጥኑንና ሲዲውን ተዉት፤ ኪሎ ይበላል። የዚያች ልጅ እህት ይህን አውቃ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር፤ ማን ነግሯት!

ጠጋኞች፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ቀን ነው። ያለ ክፍያ። ገቢያችን ይቀንሳል የሚል አለ፤ እኔም አስቤዋለሁ። ለአንድ ቫይረስ በየወሩ የሚከፍለኝን ሰው ሳጣ ራም የሚያስጨምር፣ ባትሪ የሚያስቀይር ሰው ይመጣልኛል፤ ባይመጣም የሰው ዓመት ሥራ በፎርማት ከማጥፋት ይሻለኛል።

ለምን ጳጉሜን 3? ለጳጉሜን ቀናት ከላይ ስም ሲወጣ አይተናል፤ እኔ ስም ላወጣ አይደለም። ቀኑ የሩፋኤል ነው፤ ሰዉ በዝናቡ ይታጠባል፤ ልጆች ራቁታቸውን ደጅ ወጥተው ይቦርቃሉ፤ የአሮጌው ዓመት እድፍ ወደ አዲሱ እንዳይሻገር የምንጠነቀቅበት ሰሞን ነው። ሌላም ተራ ምክንያት አለው፦ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ማሽኖች ያርፋሉ። መስከረም ላይ ተማሪ ከየአገሩ ፍላሹን ይዞ ሲመለስ ምንጩ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀው፤ ምዝገባ ሰሞን ደግሞ በር ላይ የፍላሽ ፍተሻ ጠረጴዛ ይውጣ። ቀኑ የማይመቻችሁ ከተሞች ሌላ ቀን ምረጡ፤ አንድ ላይ መሆኑ እንጂ ቀኑ ጣዖት አይደለም። የጎንደሩም፣ የሐዋሳውም፣ የጂማውም ቫይረስ ያው ነው።

ያ ደግ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ይህን ጥሪ ከመጻፌ በፊት አነጋግሬዋለሁ። መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ዴስክቶፑን አብረን ፈተሽነው፤ የወጣውን ዝርዝር አይቶ ዝም አለ። «ስንቱን ሰው ነው ያሳመምኩት?» አለኝ። እኔም ከእሱ ያነሰ ጥፋት የለብኝም። ጳጉሜን 3 ቤቱን ለኛ ይለቃል፤ ሁለት ጠረጴዛና ማራዘሚያ አለው፤ መብራት ከሄደ ጄኔሬተር ያስነሣል። ላፕቶፕ ያላት ያቺ ተማሪም መጥታ ኢካርን ለልጆች የማሳየት ሥራ ይዛለች።

እኔ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነኝ፤ የተዘጋ ሲዲና የተቆለፈች ኤስዲ ካርድ ይዣለሁ። የእናንተ ሠፈር ጠረጴዛ የት ይሆናል? ዛሬ ማታ ከጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ተነጋገሩ፤ አንድ ጠጋኝ ጥሩ፤ ፋይሉን የሚያወርደውን ሰው ወስኑ። ጳጉሜን 3 ጠዋት ፍላሻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ትራስ ስር የረሳችሁትንም ጨምራችሁ።